ከስትሮክ በኋላ የወረደ ትከሻን በኤሌክትሪክ ማነቃቂያ መርዳት፦ ፓዱ የት እንደሚለጠፍ፣ ምን ያህል እንደሚሰጥ፣ አልሆን ሲል ምን እንደሚደረግ

ማሽኑን ገዝተው ወይም ዘመድ ከውጭ ልኮላቸው «ይኸው ስንት ጊዜ አደረግንላቸው፣ ለውጥ የለም» የሚሉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። አጠቃቀማቸው ሲታይ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው፣ ፓዱ (ኤሌክትሪኩን ወደ ቆዳ የሚያስተላልፈው ተለጣፊ) ወደ አንገት ተጠግቶ ይለጠፍና ትከሻው ወደ ጆሮ ይነሳል እንጂ የወረደው አጥንት ወደ ቦታው አይመለስም። ሁለተኛው፣ ማሽኑ በግማሽ ሰዓት የሠራውን ቀሪው ቀን ያፈርሰዋል፤ ክንዱ ሲንጠለጠል ይውላል፣ ታማሚው በብብቱ ተይዞ ይነሳል፣ ልብስ ሲለብስ እጁ ይጎተታል። ማሽን መቀየር ለሁለቱም መፍትሔ አይሆንም።

## ለየትኛው ትከሻ ነው?

ለላላው። ስትሮክ ከመታ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የትከሻ ጡንቻዎች ሲላሉ የክንድ አጥንት ራስ የሚይዘው ያጣል፤ በክንዱ ክብደት ከማቀፊያው ቁልቁል ይንሸራተታል። ማነቃቂያው በእነዚህ ሳምንታት ጡንቻውን በሰው ሠራሽ መንገድ እያኮማተረ አጥንቱን ወደ ላይ ይሰበስባል።

ጊዜው ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ፣ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ትንታኔ እንዳሳየው፣ ከመደበኛው ሕክምና ጋር ቀደም ብሎ የተጀመረ ማነቃቂያ በአማካይ 6.5 ሚሊ ሜትር ያህል መውረድን ይከላከላል። ዘግይቶ ሲጀመር የተገኘው ግን 1.9 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ዓመት ካለፈው ትከሻ ብዙ አይጠብቁ። ስለ ሕመም ከሆነ ደግሞ፣ ክንዱ ሳያም ወደ ውጭ የሚዞርበት መጠን ይሰፋል እንጂ ሕመሙን በእርግጠኝነት ይቀንሳል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም።

ክንዱ ከደረት ጋር ተጣብቆ የጠበቀ፣ ክርኑ የታጠፈ፣ ጣቶቹ የተጨበጡ ከሆነ ይህን መመሪያ አይከተሉ። እሱ ሌላ ችግር ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው።

## 1. መጀመሪያ የሚከለክል ነገር አለመኖሩን ያረጋግጡ

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ማሽኑን አይንኩ፤ ሐኪም ይጠይቁ፦

- በደረት ውስጥ የተቀበረ የልብ ምት መቆጣጠሪያ ወይም ልብን በኤሌክትሪክ የሚመልስ መሣሪያ
- በዚያው ክንድ የደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም፣ ወይም ክንዱ በድንገት አብጦ መሞቅ
- በትከሻው አካባቢ ዕጢ ወይም ካንሰር
- ፓዱ በሚያርፍበት ቦታ ቁስል፣ ሽፍታ፣ የተላጠ ቆዳ
- ከስትሮኩ በኋላ የሚጥል በሽታ መጥቶ በመድኃኒት ያልተቆጣጠሩት ከሆነ
- እርግዝና፣ ወይም በትከሻው ውስጥ ብረት (እነዚህን ሐኪሙ ይወስናል)

የስሜት ነገር ለብቻው ይታይ። ታማሚው ዓይኑን ጨፍኖ ትከሻውን በጥጥ ይንኩት፤ ከዚያ በስንጥር ጫፍ ቀስ ብለው ይንኩት። የቱ እንደነካው መለየት ካልቻለ ማሽኑ ሲያቃጥለው አይነግርዎትም። እንዲህ ያለ ታማሚ የሚጀምረው ፊዚዮቴራፒስት ባለበት ብቻ ነው።

ቀኝ ጎናቸው የደከመ ብዙ ታማሚዎች ንግግርም ይቸግራቸዋል። ለእነሱ ከመጀመርዎ በፊት ምልክት ይስማሙ፤ በደህናው እጅ አንዴ መጨበጥ «ይበቃል»፣ አውራ ጣት ማንሳት «ደህና ነው»። ሁለት ሦስት ጊዜ ይለማመዱት። ምልክቱን ካልያዙት ፊታቸውን ብቻ አይተው አይገምቱ፤ ባለሙያ ይጠብቁ።

## 2. ማሽኑን ይለዩ

ገበያ ላይ በአንድ ስም የሚሸጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። «ቴንስ» የሚባለው ሕመም ለማደንዘዝ ነው፤ ይነዝራል እንጂ ጡንቻ ለማኮማተር አልተሠራም። የሚፈልጉት ጡንቻ የሚያኮማትረውን፣ «ኢኤምኤስ» (EMS) ወይም «ኤንኤምኢኤስ» (NMES) የሚለውን ነው። ሁለቱንም የያዙ ማሽኖች አሉ፤ ያኔ ኢኤምኤስ የሚለውን ይምረጡ። «ማሳጅ»፣ «መደብደብ»፣ «ማሸት» የሚሉ ሥዕሎች ብቻ ያሉበት፣ ቁጥሩን ራስዎ ማስተካከል የማይችሉበት ትንሽ መሣሪያ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይግዙት።

ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ቻርጀሩን ገልብጠው ያንብቡ። «100–240 ቮልት» ካለ ችግር የለም። «120 ቮልት» ብቻ ካለ በእኛ 220 ቮልት ሶኬት ላይ አይሰኩት። በማንኛውም ሁኔታ ማሽኑ ቻርጅ ላይ ሳለ በሰው ላይ አይጠቀሙበት።

ከዚያ በራስዎ ክንድ ላይ ይሞክሩት። ፓዶቹን ከክርንዎ በታች ባለው ሥጋ ላይ ለጥፈው ጣትዎ እስኪንቀሳቀስ ኃይሉን ይጨምሩ። ምን እንደሚመስል ሳያውቁ በአባትዎ ላይ አይሞክሩ።

## 3. ቁጥሮቹን ያስተካክሉ

- ፍሪኩዌንሲ (በሰከንድ ውስጥ የሚሰጠው የምት ብዛት)፦ 30 እስከ 35 ኸርዝ
- የአንዱ ምት ስፋት፦ 250 እስከ 300 ማይክሮ ሰከንድ
- ቀስ ብሎ መነሻ፦ 2 እስከ 3 ሰከንድ፤ ቀስ ብሎ መውረጃ፦ 2 ሰከንድ
- መሥሪያ፦ 10 ሰከንድ
- ማረፊያ፦ በመጀመሪያው ሳምንት 20 እስከ 30 ሰከንድ

የማረፊያውን ጊዜ አያሳጥሩ። የላላ ጡንቻ ቶሎ ይደክማል፤ የደከመ ጡንቻ ደግሞ ኃይል ቢጨምሩለትም አይነሳም። ጡንቻው ሲጠነክር ማረፊያውን ቀስ በቀስ ወደ 10 ሰከንድ ያውርዱ። ፍሪኩዌንሲውን ወደ 80 እና 100 ከፍ ማድረግ «የበለጠ ይሠራል» የሚሉ አሉ፤ የሚያመጣው ድካም ነው።

## 4. ታማሚውን ያስቀምጡ፣ ክፍተቱን ይለኩ

ጀርባ ባለው ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ እግሮቹ መሬት ይርገጡ። ትከሻው ከፊትም ከኋላም እንዲታይዎ ልብሱን ያውልቁ፤ መጀመሪያ የደህናውን እጅ፣ በመጨረሻ የደከመውን።

ክንዱ ለአፍታ ብቻ ሳይደገፍ ይንጠልጠል። በትከሻው ጫፍ ላይ ያለውን ጠንካራ አጥንት በጣትዎ ያግኙ፤ ከሱ ሥር በውጭ በኩል ጠቋሚ ጣትዎን ያስገቡ። ጣትዎ የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ የወረደው ልክ ነው፦ ግማሽ ጣት፣ አንድ ጣት፣ አንድ ተኩል። በደህናው ትከሻም ያው ቦታ ላይ ይንኩና ያወዳድሩ። በደብተር ላይ ይጻፉት።

ሁለተኛ ልኬት ይውሰዱ። ክርኑን ከጎኑ አስጠግተው፣ 90 ዲግሪ አጥፈው፣ የእጁን መዳፍ ይዘው ወደ ውጭ በዝግታ ያዙሩ። «አመመኝ» ያለበት ቦታ ላይ ቆመው የት እንደደረሰ ይጻፉ። ለውጥ ከመጣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚታየው እዚህ ነው።

ከለኩ በኋላ ክንዱን ጠረጴዛ ላይ፣ ከሥሩ ትራስ አድርገው ያሳርፉ። ክርኑ ይታጠፍ፤ ክንዱ ከጎኑ ትንሽ ይራቅ። ማሽኑ ሲሠራ ክንዱ እየተንጠለጠለ አይሁን።

## 5. ቆዳውን ያዘጋጁ

በሳሙናና በውኃ አጥበው ያድርቁ። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ ቅባት፣ የማሸት ዘይት ካለ በሙሉ ይልቀቅ፤ ቅባት ፓዱን ያበላሻል፣ ኤሌክትሪኩንም በአንድ ቦታ እንዲሰበሰብ ያደርጋል። ፀጉር ካለ በመቀስ ይከርክሙት። በምላጭ አይላጩ።

በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ ከመለጠፍዎ በፊትም ከነቀሉ በኋላም በእጅዎ ጀርባ ይንኩት፤ ሙቀቱን፣ ማበጡንና መሻከሩን ከደህናው ጎን ጋር ያወዳድሩ።

## 6. ፓዶቹን ይለጥፉ

አብዛኛው ስሕተት የሚሠራው እዚህ ስለሆነ አይቸኩሉ። 5 በ5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ፓዶች፣ አንድ ቻናል (ከማሽኑ የሚወጣ አንድ ጥንድ ገመድ)።

የመጀመሪያው ፓድ። ከጀርባ በኩል ይቁሙ። ከትከሻው ኋላ ያለውን ጠፍጣፋ አጥንት በመዳፍዎ ይፈልጉ። በሱ ላይ ከጀርባ አጥንት በኩል ተነስቶ ወደ ትከሻ ጫፍ የሚሄድ ሸንተረር አለ፤ በጣትዎ ይከተሉት። ከሸንተረሩ በላይ ጎድጎድ ያለ ቦታ ይሰማዎታል፤ የምንፈልገው ጡንቻ የተኛው እዚያ ነው። ፓዱን ከጎድጓዳው በውጭው ግማሽ፣ ወደ ትከሻ ጫፍ በተጠጋው በኩል ይለጥፉ። ወደ አንገት አይቅረብ። በአንገትና በትከሻ መካከል ያለው ወፍራም ሥጋ ላይ ካረፈ ትከሻን ወደ ጆሮ የሚያነሳውን ጡንቻ ይቀሰቅሳል፤ የወረደውን አጥንት አያነሳም።

ሁለተኛው ፓድ። የትከሻው ጫፍ አጥንት የኋላ ጥግ ያግኙ። ከሱ ወደ ታች ሁለት ሦስት ጣት ያህል ይውረዱ፤ በክንዱ ኋላ በኩል ሥጋው ወፈር ያለበት ላይ ይለጥፉ። ወደ ፊት ቢመጣ ክንዱን ወደ ደረት ይጎትታል፤ በጣም ቢወርድ ክርን የሚዘረጋውን ጡንቻ ይይዛል።

ማሽንዎ ቀይና ጥቁር ገመድ ካለው በብዙ ማሽኖች ጥቁሩ የበለጠ ይቀሰቅሳል፤ በመጀመሪያው ፓድ ላይ ይሁን። ካልሠራ ያቀያይሩ።

አንዱን ፓድ ከፊት ደረት ላይ ሌላውን ከኋላ በፍጹም አይለጥፉ። በአንገት ፊት፣ በጉሮሮ ጎንም አይለጠፍ። ሁለቱም ከኋላ፣ በአንድ ትከሻ ላይ ይቀራሉ።

## 7. ያብሩና አጥንቱን ይከታተሉ

1. ኃይሉ ዜሮ ላይ መሆኑን አይተው ያብሩ።
2. አንድ አንድ እርከን እየጨመሩ ይጠይቁ፦ «አባባ፣ ምን ይሰማዎታል?» መጀመሪያ ይነዝራል፣ ከዚያ ጡንቻው ይጨብጣል። የሚጨምሩት ማሽኑ በሚሠራበት 10 ሰከንድ ውስጥ እንጂ በማረፊያው አይደለም። በማረፊያው ከጨመሩ ቀጣዩ ምት ድንገት ይመታቸዋል።
3. ጣትዎን ክፍተቱን በለኩበት ቦታ ያሳርፉ። ትክክለኛው ምላሽ አንድ ነው፦ ማሽኑ ሲጨብጥ አጥንቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ጣትዎ ይገፋል። ክንዱ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ምንም አይደለም።
4. ክፍተቱ ሲዘጋ ኃይል መጨመሩን ያቁሙ፤ ከዚያ በላይ አይሂዱ። በስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ከሰው ሰው፣ ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ የጎረቤትን ቁጥር አይከተሉ።
5. ቦታው ከተገኘ የፓዶቹን ዙሪያ በእስክሪብቶ ያስምሩ፣ በስልክ ፎቶ ያንሱ። ነገ የሚለጥፈው ልጅዎ ወይም ሞግዚቷ ሊሆኑ ይችላሉ።

ማሽኑ በጨበጠ ቁጥር ታማሚው አብሮ ይሞክር፤ «ክንድዎን ወደ ትከሻዎ ይሰብስቡት፣ ግን ወደ ጆሮዎ አያንሱት» ይበሉት። ቴሌቪዥን እያየ ዝም ብሎ ከተቀመጠ አጥንቱ ሊነሳ ይችላል፤ ሙከራውን ግን ከማሽኑ መማር አይችልም።

## 8. ስንት ጊዜ፣ ለምን ያህል

በመጀመሪያው ሳምንት 15 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ቆዳው ደህና ከሆነና ጡንቻው እስከ መጨረሻው ደቂቃ ከጨበጠ በየሁለት ሦስት ቀኑ 5 ደቂቃ ይጨምሩ፤ በአንድ ጊዜ 30፣ ከዚያ እስከ 60 ደቂቃ ይድረሱ። በምርምር ላይ በቀን እስከ 6 ሰዓት የሰጡ አሉ፤ እነሱ ግን በባለሙያ ክትትል ሥር ነው የሠሩት። ቤት ውስጥ ከ60 ደቂቃ በላይ ለማድረግ ካሰቡ ፊዚዮቴራፒስቱ ይወስን።

በሳምንት 5 ቀን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያድርጉት። በእንቅልፍ፣ በገላ መታጠብ፣ በመኪና ውስጥ አያድርጉት።

ሲጨርሱ መጀመሪያ ኃይሉን ዜሮ ያድርጉ፣ ያጥፉ፣ ከዚያ ፓዱን ከጥግ ይዘው ይንቀሉ። በገመዱ አይጎትቱት። ፓዱን ወደ ፕላስቲኩ ይመልሱ። ሲደርቅ አንድ ጠብታ ውኃ በጣትዎ ይቀቡት፤ ጥጉ መነሳት ሲጀምር ግን ይጣሉት። ጥጉ የተነሳ ፓድ ላይ ኤሌክትሪኩ በጠባብ ቦታ ስለሚሰበሰብ ያቃጥላል። በፕላስተር አጣብቀው ዕድሜውን ለማራዘም አይሞክሩ።

## አልሆን ሲል

ምንም አይሰማውም። ባትሪ፣ ገመድ፣ ፓድ በዚህ ቅደም ተከተል ይፈትሹ። ፓዶቹን በራስዎ ክንድ ላይ ይሞክሩ። በርስዎ ላይ ከሠራ ማሽኑ ደህና ነው፤ ታማሚው ስሜት ሊያጣ ይችላልና ኃይል አይጨምሩ። ወደ ደረጃ 1 ይመለሱ።

ይነዝራል፣ አይጨብጥም። የምት ስፋቱ 300 መሆኑን ይመልከቱ። ከዚያ ኃይሉን ቀንሰው ፓዱን አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች እያዛወሩ ይፈልጉ። በትክክለኛው ቦታ፣ በቂ ኃይል ተሰጥቶትም ካልጨበጠ፣ በደህናው ትከሻ ላይ ግን ከጨበጠ፣ ለሐኪም መንገር አለብዎ። ስትሮክ የሚጎዳው አንጎልን ነው፤ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርደው ነርቭ ደህና ከሆነ ጡንቻው ለማሽኑ መልስ መስጠት አለበት። መልስ ካልሰጠ ነርቩ በመጎተት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ትከሻው ወደ ጆሮ ይነሳል። የመጀመሪያው ፓድ ወደ አንገት ቀርቧል። ያጥፉ፣ ይንቀሉ፣ ወደ ውጭ ያዛውሩ። ካልተስተካከለ ኃይሉን ዝቅ ያድርጉ፤ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ሲሰጥ ጎረቤቱን ጡንቻ ይጎትተዋል።

ክርን ይዘረጋል። ሁለተኛው ፓድ ወርዷል። ወደ ላይ ይመልሱት።

እንደ መርፌ ይወጋል ወይም ያቃጥላል። ወዲያው ያጥፉ። የደረቀ ፓድ፣ የተነሳ ጥግ ወይም ቅባት ነው። ቆዳው ከ30 ደቂቃ በላይ ሞቆ ወይም አብጦ ከቆየ እስኪድን በዚያ ቦታ አይለጥፉ። ውኃ ከቋጠረ ሐኪም ይየው።

መጀመሪያ ጨብጦ በመካከል ያቆማል። ድካም ነው። ማረፊያውን ያርዝሙ፣ ደቂቃውን ይቀንሱ።

ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ ነው። ያቁሙ። መዳፉ ካበጠ፣ ካብረቀረቀ፣ ሲነካ ካመመው፣ ወይም ቀለሙና ሙቀቱ ከተለወጠ፣ ሌላ ሕመም ተጨምሯልና በሳምንቱ ውስጥ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ክንዱ በሙሉ በድንገት ካበጠና ከከበደ ያንኑ ቀን ይሂዱ። ፊት ከተጣመመ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ አዲስ ድካም ከመጣ ማሽኑን አጥፍተው ወዲያው ወደ ሆስፒታል።

የሆነው ነገር ግራ ካጋባዎ ጨበጣውን ከኋላና ከጎን በቪዲዮ ቀርጸው ለፊዚዮቴራፒስቱ በቴሌግራም ይላኩ። ከረጅም የስልክ ገለጻ ይልቅ የ20 ሰከንድ ቪዲዮ ይጠቅመዋል።

## ማሽኑ በማይሠራበት ሰዓት

ከማሽኑ ይልቅ ይኸኛው ይበልጥብኛል። ቤተሰቡ የሚከተሉትን ካልጠበቀ ማሽኑን ባይገዛ ይሻለው ነበር።

በብብት ይዘው አያንሱ። ከወንበር ሲነሳ በወገቡ ወይም በቀበቶው ይያዙት። በደከመው እጅ ጎትቶ ማስነሳት ክልክል ነው፤ ልጆችም ይህን ይወቁ።

ሲቀመጥ ክንዱ በትራስ ወይም በጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ሲቆምና ሲራመድ በነጠላ ወይም በማንጠልጠያ መደገፍ ይቻላል፤ ሲቀመጥ ግን ይፈታ። ቀኑን ሙሉ ሆድ ላይ ታጥፎ የታሰረ ክንድ ይጠብቃል።

ልብስ ሲለብስ መጀመሪያ የደከመው እጅ ይግባ፣ ሲወልቅ በመጨረሻ ይውጣ። በደከመው ጎን ሲተኛ ትከሻው ወደ ፊት ወጣ ይበል፤ ከሥሩ ተጣጥፎ አይቀር።

ክንዱን ከትከሻ በላይ በግድ አያንሱ፤ በገመድና በመዘውር እጅን ወደ ላይ የሚስብ ልምምድም ይቅር።

ወጌሻ አይጎትተው። ወጌሻ የሚያውቀው በአደጋ የወለቀ ትከሻን ነው፤ ይህ የወረደው ግን ጡንቻው ስለላላ ነው። ጎትተው ቢመልሱትም የሚይዘው የለም፣ በመጎተቱ ጅማትና ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ዘይት ቀብቶ በቀስታ ማሸት ሌላ ነገር ነው፤ አይከለከልም፤ ከማሽኑ ሰዓት በኋላ ብቻ ይሁን።

## መቼ ይቆማል

በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ማሽኑ ከመብራቱ በፊት፣ ሁለቱን ልኬቶች ይውሰዱ። ታማሚው ክንዱን በራሱ ማንሳት ሲጀምር ማሽኑን በአንድ ቀን አያቋርጡ። በሳምንት ከ5 ቀን ወደ 3፣ ከዚያ ወደ 2 ያውርዱ፤ በየእርከኑ ክፍተቱን ይለኩ። ክፍተቱ ከተመለሰ ወደ ቀድሞው እርከን ይመለሱ። ጡንቻው በራሱ መሥራት ካልጀመረ ማሽኑ ሲቆም አጥንቱ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ከ6 ሳምንት በኋላ ክፍተቱም፣ ወደ ውጭ የሚዞርበት መጠንም ካልተለወጠ ደግሞ ያቁሙ፤ ደብተሩን ይዘው ፊዚዮቴራፒስቱ ዘንድ ይሂዱ፣ ገንዘቡንና ጊዜውን በምን ላይ ማዋል እንደሚሻል ይጠይቁት።